ወፍራም ድምፅና ጥልቅ ድምፅ

ወፍራም ድምፅ ሁሉ ጥልቅ አይደለም። የቤዝ ጊታርን ድምፅ አንድ ኦክታቭ አውርደው እንደ ጥላ የሚያስከትሉ ሁለት ፔዳሎችን ጎን ለጎን ስሞክር የታዘብኩት ይህንን ነው። ታላቁ የቦስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ኦሲ-2 ሲሆን ታናሹ የ2020ው ኦሲ-5 ነው።

ታላቁ የሚከተለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሁለት ክር አብረው ሲመቱ ይንተባተባል፤ ወደ ወፍራሙ ክር ሲወርዱበትም ይንገዳገዳል። ቢሳካለትስ ምን ሊጠቅም? ያ ክር ባዶውን ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ግማሹ ሃያን በጥቂቱ ቢያልፍ ነው፤ የጆሯችን ወሰንም እዚያው ነው። ቀጭኑ ክር ግን 98 ጊዜ ይርገበገባልና በ49 የሚከተለው ጥላው ደረት ድረስ ይሰማል። ጥልቀት የፈለገ እንግዲህ ወደ ላይ መውጣት አለበት!

ታናሹ ብዙ ድምፆችን በአንዴ ይከተላል። የምህንድስና ድል መሆኑን አልክድም። ሆኖም በእሱ ስጫወት እጄ ቸኮለ፤ ዜማው ተጨናነቀ። ታላቁ አንዱን ቃል ሳይጨርሱ ሌላውን መጀመር አይፈቅድም። ፋብሪካውም ይህ የገባው ይመስላል፤ በኦሲ-5 ላይ የታላቁን ጠባይ የሚመልስ ምርጫ አኑሯል።

በሁለቱም የጊታሩን ድምፅ ዘግቶ ጥላውን ብቻ ማሰማት ይቻላል። ያን ጊዜ የሚወጣው የኪቦርድ ቤዝ የሚመስል ድምፅ ነው። በስንቱ ካሴታችን ላይ ኪቦርድ የቤዝ ተጫዋቹን ወንበር ወስዶበታል፤ አሁን ደግሞ ጊታሩ ራሱ ወዶ ኪቦርድ ከሆነ ለተጫዋቹ ጣት ምን ሊቀርለት ነው?