«ውሃ ከስኳርና ከጨው ጋር»፤ ስለ አንድ አርእስት የቀረበ ሂስ

«ላንሴት» የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በኦገስት 1978 አንድ አጭር ርዕሰ አንቀጽ አውጥቶ ነበር። ሶዲየምና ግሉኮስ በትንሹ አንጀት ተጣምረው እንደሚያልፉ መታወቁ ምናልባት የክፍለ ዘመኑ ከፍተኛ የሕክምና እመርታ ሊሆን እንደሚችል የተጻፈው በዚያ ነው። ይህ ፍርድ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስለ ተቅማጥ ሕክምና በሚጻፉ ጽሑፎች ደጋግሞ ሲጠቀስ ኖሯል፤ መጠቀሱም ተገቢ ነው። ሂስ የሚያስፈልገው አርእስቱ ነው። «ውሃ ከስኳርና ከጨው ጋር» ይላል። በየቤቱ የሚገኙ ሦስት ነገሮች ተጠርተዋል፤ ልካቸው ግን አልተጠራም። ጽሑፉ የሚያወድሰው ጥምረቱን ሲሆን አርእስቱ በአንባቢ አእምሮ የሚያስቀረው ቅልቅሉን ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ውሃ በሕዋስ ሽፋን ላይ የራሱ ፓምፕ የለውም፤ የሚያመራው የሟሙ ነገሮች ወደ በዙበት ወገን ነው። ሽፋኑ በአብዛኛው ከቅባት የተሠራ በመሆኑ ደግሞ ሶዲየምም ሆነ ግሉኮስ ያለ ፕሮቲን በር አያልፉትም። በአንጀት ሕዋስ የደም ወገን ያለው ፓምፕ ጉልበት እያወጣ 3 ሶዲየም ወደ ውጭ ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ስለዚህ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ሶዲየም ዘወትር አነስተኛ ነው። ሮበርት ክሬን እ.ኤ.አ. በ1960 በፕራግ ያቀረበው ሐሳብ፣ ይህንኑ ጉድለት ለመሙላት የሚገባው ሶዲየም ግሉኮስንም አብሮ እንደሚያስገባ የሚገልጽ ነበር። በምግብ መተላለፊያው ወገን የቆመውና ዛሬ ኤስጂኤልቲ1 የሚባለው አጓጓዥ 2 ሶዲየምና 1 ግሉኮስ በአንድነት ያሳልፋል፤ ውሃውም ይከተላቸዋል። የኮሌራ መርዝ የክሎራይድን መውጫ ከፍቶ ውሃን ወደ አንጀት ሲያፈስስ ይህን በር ግን አይዘጋውም። በአፍ የሚሰጠው ሕክምና የቆመው በዚህችው ባልተዘጋች በር ላይ ነው።

አርእስቱ የሸፈነውን ነገር ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1962 በማኒላ ለኮሌራ ሕሙማን ግሉኮስና ጨው በአፍ ተሰጥቷቸው ነበር። ብጥብጡ ከመጠን በላይ የወፈረ ስለ ነበር ከሕሙማኑ መካከል ሕይወታቸው ያለፈ ነበሩ። ውሃ፣ ስኳርና ጨው እዚያም ተገኝተዋል! በ1968 ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ በዳካ የተሳካላቸው፣ ልኩን ጠብቀው ከሕመምተኛው የወጣውን ፈሳሽ ያህል በአፍ በመመለሳቸው ነው። በ1971 ደግሞ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ለባንጋዎን የስደተኞች መጠለያ በሊትር 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨውና 2.5 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት እያስመዘነ አሳሸገ። በመጠለያው 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ይህን ሕክምና ባገኙት ዘንድ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ብጥብጡን በ2002 ሲያሻሽሉም የለወጡት ልኩን ነው። ሶዲየሙ በሊትር ከ90 ወደ 75 ሚሊ ሞል፣ ግሉኮሱ ከ111 ወደ 75 ሚሊ ሞል፣ ጠቅላላ ውፍረቱም ከ311 ወደ 245 ሚሊ ኦስሞል ዝቅ አለ። በሕፃናት ላይ በተደረጉት ጥናቶች ሳይታቀድ በደም ሥር ፈሳሽ የመስጠት አስፈላጊነት በ33 በመቶ ቀንሷል። በ«ላንሴት» አርእስት ብቻ ለሚመራ ሰው አሮጌውና አዲሱ ብጥብጥ አንድ ናቸው።

እርግጥ ርዕሰ አንቀጹ የተጻፈው ለሐኪሞች እንጂ ለእናቶች አይደለም። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ የተለመደው «ሕይወት አድን ቅመም» የሚለው ስያሜም ይኸው ድካም አለበት። ቅመም በባለሙያ እጅ ቆንጠር ተደርጎ የሚጨመር ነው፤ ቢበዛ ወጡን ያበላሽ ይሆናል እንጂ ሰው አይጎዳም። ለ1 ሊትር የተዘጋጀ ከረጢት በተለምዶ «ሃይላንድ» በሚባለው የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ቢበጠበጥ ግን ሶዲየሙ በሊትር 150 ሚሊ ሞል፣ ውፍረቱ 490 ሚሊ ኦስሞል ይሆናል። የደም ውፍረት 290 ገደማ በመሆኑ ውሃው ከሕፃኑ ሰውነት ወደ አንጀቱ ይሳባል፤ የሕፃኑ ደምም በሶዲየም ሊወፍር ይችላል። በሊትር 100 ግራም ያህል ስኳር የያዘውና ሶዲየም እምብዛም የሌለው ለስላሳ መጠጥም ውሃውን የሚስበው ወደዚያው ነው። እናቲቱ የሰማችው «በንጹሕ ውሃ በጥብጪለት» የሚለውን ብቻ ከሆነ፣ ጠርሙሱ ስንት እንደሚይዝ የምትጠይቅበት ምክንያት የላትም።

በጥምረቱ ፈንታ ቅልቅሉን ማስተማር ሌላም መዘዝ አለው። ብጥብጡ የሚወጣውን ይተካል እንጂ የክሎራይዱን መውጫ አይዘጋም፤ ስለዚህ ተቅማጡ በዚያው ቀን አይቆምም። ይህ ያልተነገራት እናት በማግስቱ መድኃኒቱ አልሠራም ብላ ብትተወው ፍርዷ ከተነገራት ነገር ጋር ይስማማል። የተቅማጡን ዕድሜ የሚያሳጥረው ከ2004 ጀምሮ አብሮ እንዲሰጥ የተመከረው ዚንክ ነው፤ የ2004ቱ ምክር ዕድሜው ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚል ነበር። ሁለቱ ከአንድ ባለሙያ እጅ በአንድ ጊዜ ሲሰጡ የትኛው ምን እንደሚሠራ ለይቶ መንገር ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አይጠይቅም።