ሰነዱ ተዛወረ፣ ድምፁ ባለበት ቀረ፦ የሊኑክስ ከርነል የአበርካቾች ሰነዶች አደረጃጀት ሲመዘን

የሊኑክስ ከርነል ምንጭ ኮድ በሚቀመጥበት ቋት ውስጥ «ዶክዩሜንቴሽን» የሚባል ማኅደር አለ። ይህ ማኅደር ለረጅም ዘመን የጎተራ ጠባይ ነበረው፤ የጻፈ ሁሉ የጻፈውን ይጨምርበታል፣ ማን እንደሚያነበው ግን እምብዛም አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 ስፊንክስ የተባለው የሰነድ ማዘጋጃ መሣሪያ በከርነሉ 4.8 እትም ሥራ ላይ ሲውል፣ በሰነዶቹ ኃላፊ በጆናታን ኮርቤት መሪነት ማኅደሩን ሥርዐት የማስያዝ ሥራ ተጀመረ። መለያው የአንባቢው ማንነት ሆነ። የሲስተም አስተዳዳሪ የራሱ ክፍል ተሰጠው፤ ድራይቨር ለሚጽፈውም እንዲሁ። ለከርነሉ ኮድ ለማበርከት ለሚመጣ አዲስ ሰው የሚያስፈልጉት ጽሑፎች ደግሞ በዚያው ዓመት መገባደጃ «ፕሮሰስ» በተባለ ንዑስ ማኅደር ተሰባሰቡ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚመሰገነው በጣም ትንሹ ነገር ነው። «ሰብሚቲንግፓችስ» ፓች፣ ማለትም በኮዱ ላይ የታሰበውን ለውጥ የያዘ መልእክት፣ እንዴት እንደሚላክ የሚያስረዳ ሰነድ ነው፤ «ኮዲንግስታይል» ስለ ኮድ አጻጻፍ ይናገራል። ሁለቱ ወደ አዲሱ ማኅደር ሲዛወሩ በቀድሞ ቦታቸውና በቀድሞ ስማቸው፣ ወዴት እንደ ሄዱ ብቻ የሚናገር የአንድ መስመር ፋይል ቀረ። እነዚህ ስሞች የፋይል ስም ከመሆን አልፈው የደንቡ መጠሪያ ሆነው ነበርና ተገቢ ነው። አንድ ገምጋሚ ጀማሪውን ወደ «ሰብሚቲንግፓችስ» ሲመራው «ደንቡን ሳታውቅ መጥተሃል» ማለቱ እንደ ሆነ ሁሉም ይረዳል።

ድካሙ የሚታየው ከዚህ ወዲያ ነው። ሰነዶቹ ቦታ ለወጡ እንጂ አነጋገራቸው አልተነካም። «ኮዲንግስታይል»ን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው፤ ጽሑፉም ዛሬ ድረስ በ«እኔ» ይናገራል። የኮድ አጻጻፍ የግል ጉዳይ እንደ ሆነና አመለካከቱን በማንም ላይ እንደማይጭን ተናግሮ ይከፍታል፤ ወዲያው ደግሞ የግኑን የአጻጻፍ መመሪያ አትሞ ሳያነቡ ማቃጠልን ይመክራል። በዚያው ማኅደር፣ በ«ሰብሚቲንግፓችስ» ውስጥ፣ አበርካቹ ኮዱን የማበርከት መብት እንዳለው በስሙ የሚያረጋግጥበት የፊርማ መስመር ተደንግጓል፤ ያለዚያ መስመር ፓች አይገባም። የኢሜይል መጻፊያ ፕሮግራም እንዴት እንደሚስተካከል የሚመክረው ጽሑፍም እዚያው አጠገባቸው ነው። ቀልዱ፣ ምክሩና ድንጋጌው በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ግን መደርደሪያው አይናገርም። የቤቱ ሰው «አልጭንም» የተባለው በተግባር ሕግ መሆኑን፣ «አቃጥሉ» የተባለው ደግሞ ቀልድ መሆኑን ያውቃል። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ እንግዳ ቃሉን እንዳለ ይወስዳል፤ ፓቹም በቅርጹ ብቻ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ይመለስበታል። በአንባቢ የተከፋፈለ ሰነድ ይህን አንባቢ ሊያስበው ይገባ ነበር።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ደንብ አለ፤ ለአማርኛ አጥኚም ልዩ ትኩረት የሚሻ ነው። «ሰብሚቲንግፓችስ» አበርካቹ ለውጡን ሲገልጽ ኮዱን እንደሚያዝ ሆኖ፣ በትእዛዝ አንቀጽ እንዲጽፍ ይጠይቃል፤ «ይህ ፓች እንዲህ ያደርጋል» የሚለው አገላለጽ አይወደድም። ሰነዱ ራሱ ደግሞ አንባቢውን የሚያናግረው በዚያው በትእዛዝ አንቀጽ ነው። በእንግሊዝኛ ኮዱም ሰውየውም በአንድ ቅርጽ ስለሚታዘዙ ልዩነቱ አይታይም። አማርኛ ግን «አስተካክል»፣ «አስተካክዪ»፣ «አስተካክሉ»፣ «ያስተካክሉ» ብሎ ይለያል። በስልኮቻችን ላይ ያለው አማርኛ እንኳ ይህን መንገድ ይዟል፤ ተጠቃሚው መሣሪያውን የሚያዝበት ቁልፍ «ላክ» ወይም «ሰርዝ» ይላል፣ መሣሪያው ተጠቃሚውን ሲጠይቅ ግን «የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» ይላል። የከርነሉ አዘጋጆች ያልለዩትን ነገር የአማርኛ ሰዋስው ሳይለይ ማለፍ አይችልም።

ሰነዶቹ፣ ሁሉም ባይሆኑም፣ ወደ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ጣሊያንኛና ስፓኒሽ ተተርጉመዋል፤ ከአፍሪካ ቋንቋዎች አንድም አልገባም። የትርጉሞቹ መግቢያ ይፋዊው ሰነድ እንግሊዝኛው ብቻ መሆኑን ያሳስባል፤ ይህም ቢያንስ የትርጉሙን ሥልጣን በግልጽ ይናገራል፣ ሌሎቹ ገጾች ስለ ራሳቸው ሥልጣን ያልነገሩንን። አንድ ተርጓሚ «ኮዲንግስታይል»ን ወደ አማርኛ ልመልስ ብሎ ቢነሣ ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ይቸገራል። «አንተ» ካለ የቶርቫልድስ ወዳጃዊ ቀልድ ይተርፋል፣ ሴቷ አበርካች ግን ከንግግሩ ውጭ ትሆናለች። «እርስዎ» ካለ ደግሞ ሁሉም ይካተታል፤ ግን ማን ነው ማንን «ያቃጥሉት» ብሎ በአክብሮት የሚቀልድ?