ዳገታማዋ ዊሉሳ፦ አንዲት ቅጽል ስንት ትሸከማለች?

ስለ ትሮይ ጦርነት የሚተርኩ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች የምትወዱ ከሆነ፣ አንድ ወሬ ሳይደርሳችሁ አልቀረም። ሆሜር ኢሊያድን ከመድረሱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ስለ ትሮይ በሉዊኛ የሚዘፈን የጀግንነት ግጥም ነበረ፤ የመጀመሪያዋ መስመርም ተገኝታለች ይባላል። መጀመሪያ ስሰማው እኔም በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ቆይቶ ግን ይሄ ሁሉ የቆመው በምን ላይ ነው ብዬ ስፈልግ፣ መሠረቱ አንዲት ቅጽል ሆና አገኘኋት፦ «አላቲ»።

ቃሏ የት እንደተገኘች እንይ። በዛሬዋ ቱርክ፣ ከአንካራ በስተምሥራቅ ቦአዝኮይ በሚባል ቦታ የኬጢያውያን ዋና ከተማ ሐቱሳ ነበረች። ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደረጉ ቁፋሮዎች በሽብልቅ ፊደል የተጻፉ በሺዎች የሚቆጠሩ የሸክላ ጽላቶችና ስብርባሪዎች ወጥተዋል። ብዙዎቹ የተጻፉት በኬጢኛ ነው፤ በመካከላቸው ግን የእህት ቋንቋው የሉዊኛ ቃላትና ዝማሬዎች ይገኛሉ። ከነዚህ አንዱ ኢስታኑዋ ከምትባል ከተማ ጋር የተያያዘ የሃይማኖት ሥርዓት ነው። ለአማልክት መጠጥ እየተጠጣ ይዘመራል፤ ጸሐፊው ሥርዓቱን በኬጢኛ ይገልጻል፣ ዝማሬውን በሉዊኛ ያስገባል። ከአንዱ ዝማሬ የተጻፈችው አንዲት መስመር ብቻ ናት። ቀሪውን ዘማሪዎቹ በቃላቸው ስለሚያውቁት ሳይሆን አይቀርም።

በዚያች መስመር ውስጥ «መጡ» የሚል ግስ አለ። ከግሱ በፊት «አላቲ»፣ ከግሱ በኋላ «ዊሉሳቲ» የሚሉ ቃላት ይገኛሉ። በሁለቱም ጫፍ ያለችው «-አቲ» በአማርኛ «ከ» እንደምንለው ያለ ሥራ አላት። ስለዚህ ከሆነ ነገር ወይም ከሆነ ቦታ መጡ ማለት ነው። ከየት?

የሃርቫርዱ የቋንቋ ሊቅ ካልቨርት ዋትኪንስ በ1984 እ.ኤ.አ. ስለ ትሮይ በተደረገ ጉባኤ ላይ ለዚህ መልስ ሰጠ። ጥናቱ በ1986 ታተመ። እንደ እሱ ንባብ «ዊሉሳቲ» ማለት ከዊሉሳ ነው። ዊሉሳ ደግሞ በኬጢያውያን ሰነዶች የምትታወቅ አገር ናት፤ ንጉሥ ሙዋታሊ 2ኛ ከገዢዋ ከአላክሳንዱ ጋር የገባው ውል እስከ ዛሬ አለ። ኤሚል ፎረር በ1920ዎቹ ስሙን ኢሊዮስ ከሚለው የትሮይ ሌላ ስም ጋር አገናኝቶት ነበር፤ ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ይቀበሉታል፣ እኔም እቀበለዋለሁ። «አላቲ»ን ደግሞ ዋትኪንስ «ዳገታማ» የሚል ቅጽል አደረጋት። ሆሜር ኢሊዮስን «አይፔይኔ» ይላታል፣ ይህም ዳገታማ፣ ቀጥ ያለ ከፍታ ላይ ያለች ማለት ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ አስቡት! ዋትኪንስም መስመሯ የአንድ «ዊሉሲያድ» መነሻ ልትሆን ትችላለች አለ። ልብ በሉ፣ «ልትሆን ትችላለች» ነው ያለው። በኋላ ወሬውን ያሰራጩት ግን ይህችን ቃል መንገድ ላይ ጣሏት።

እንግዲህ ክርክሩን እንፈትሸው። መጀመሪያ ሰዋስው። በአማርኛ «ከዳገታማዋ ከተማ መጡ» እና «ከዳገት፣ ከከተማ መጡ» ብንል ማንም አይምታታበትም። «ከ» አንዴ ከመጣች ቅጽልና ስም ናቸው፣ ሁለቴ ከመጣች ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሉዊኛ ግን በሁለቱም አጋጣሚ «-አቲ»ን ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ እንደ «-ዋ» ያለ የሚረዳ አመልካችም የለውም። ስለዚህ «አላቲ» ቅጽል መሆኗ ከመጀመሪያው የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ ራሷን የቻለች ስም ልትሆን ትችላለች።

«ዊሉሳቲ»ም ብትሆን ጥያቄ ይነሳባታል። የኬጢ ጸሐፊዎች የከተማ ስም ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ከፊቱ «ይህ ከተማ ነው» የሚል ምልክት ያደርጋሉ። እዚህ ምልክቱ የለም። በኬጢኛ ደግሞ «ወሉ» ማለት መስክ፣ የሣር ሜዳ ማለት ነው። ከዚህ ተነሥተን ስለ ከብቶች ወይም ስለ ሰዎች ከግጦሽ መመለስ የሚዘመር ነገር ነው ብንልስ? ይህ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም፤ ሰዋስዉ ግን አይከለክለንም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የትርጉሙ አመጣጥ ነው። «አላ-» በጽላቶቹ ላይ በብዛት የምትገኝ ቃል አይደለችም። «ከፍ ያለ» ማለት ናት ብንል እንኳ ከዚያ «ዳገታማ» ላይ ለመድረስ አንድ እርምጃ ይቀራል። በላቲን «አልቱስ» ከታች ላየው ከፍ ያለ፣ ከላይ ላየው ጥልቅ ማለት ስለሆነ፣ ተራራም ባሕርም «አልቱስ» ይባላሉ። ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ «ዳገታማ» የተመረጠችው ለምንድነው? ጎልቶ የሚታየው ድጋፍ ሆሜር ነው። ቃሉን በሆሜር ከተረጎምን በኋላ ተመልሰን «አያችሁ፣ ከሆሜር ጋር ይስማማል» ማለት ግን ምስክሩን ራሳችን አሰልጥነን ፍርድ ቤት እንደማቅረብ ነው።

እሺ፣ «ዳገታማ» ትክክል ነው እንበል። ያኔስ? ሆሜር «አይፔይኔ» የሚለው ኢሊዮስን ብቻ አይደለም፤ ካሊዶንንም እንዲሁ ይላታል። በዚያ ዘመን ከተማ ብዙ ጊዜ ጉብታ ላይ ይሠራ ስለነበር፣ ዳገታማ ማለት ማንኛውም ገጣሚ ያለማንም ትምህርት ሊያገኘው የሚችል ቃል ነው። በሁለት ቋንቋዎች መገኘቱ አንዱ ከሌላው ለመውሰዱ ማስረጃ አይሆንም።

«ግን እኮ ትሮይ ውስጥ የሉዊኛ ጽሑፍ ተገኝቷል» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ በ1995 እ.ኤ.አ. በሉዊኛ ሥዕላዊ ፊደል የተቀረጸባት ትንሽ የነሐስ ማኅተም ወጥታለች። ጠቃሚ ግኝት ናት። ነገር ግን ማኅተም በኪስ የሚዞር ዕቃ ነው፤ ከተማዋ ምን ቋንቋ ትናገር እንደነበር ብቻዋን አትነግረንም፣ ስለ ግጥምማ ጨርሶ አትነግረንም።

ዋትኪንስን አላናንቅም። በ1995 ባሳተመው ዘንዶ ስለመግደል በሚናገረው ትልቅ መጽሐፉ፣ ዘመድ የሆኑ ቋንቋዎች የግጥም ሐረጎችን ሊወራረሱ እንደሚችሉ ከብዙ ምሳሌዎች ጋር አሳይቷል። የዚያ ዘዴ ጉልበት የምሳሌዎቹ ብዛት ነው። ከዊሉሳ ጉዳይ ላይ ያለን ግን አንዲት መስመር፣ በውስጧም ትርጉሟ ያልተቆረጠ አንዲት ቃል ናት። ነገሩን ሊለውጥ የሚችለው «አላ-»ን ግልጽ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ ስለ ተራራ ወይም ስለ ግንብ በሚናገር አረፍተ ነገር ውስጥ የያዘ ሌላ ስብርባሪ ነው። የሐቱሳ ስብርባሪዎች ደግሞ ዛሬም እርስ በርስ እየተገጣጠሙ ነው።