የሕዝብ ጠባይ በቍጥር ይለካልን? በሆፍስቴድ ሥራ ላይ የቀረበ ሒስ

የሆላንዱ ሊቅ ጌርት ሆፍስቴድ «የባህል ውጤቶች» የተባለውን መጽሐፋቸውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ፥ በባዕድ አገር ለሚሠራ ሥራ አስኪያጅ ትምህርት ሲሰጥ ስማቸው ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። የጥናቱ መሠረት ከ1967 እስከ 1973 ከአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሠራተኞች የተሰበሰበ ከ116,000 የሚበልጥ የመጠይቅ መልስ ነው። ሁሉም የአንድ ድርጅት ሰዎች ስለ ሆኑ፥ በመልሳቸው መካከል የሚታየው ልዩነት ከአገራቸው ባህል የመነጨ ነው ብለዋል። ዘዴው ብልሃት ያለው መሆኑን መካድ አይገባም።

ይሁን እንጂ ስለ እኛ የተጻፈውን ስንመረምር ችግሩ ይገለጣል። ከኢትዮጵያ፥ ከኬንያ፥ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ የተገኙት መልሶች ጥቂት ስለ ነበሩ፥ በኋላ በወጣው ሥራቸው አራቱ አገሮች «ምሥራቅ አፍሪካ» በሚል ስም ተጠቃለው፥ በአለቃና በበታች መካከል ላለው ርቀት 64 ነጥብ ተሰጣቸው። የነጥቡም አንዱ መነሻ፥ ሠራተኞች አለቃቸውን ለመቃወም ምን ያህል ጊዜ ይፈራሉ የሚለው ጥያቄ ነው።

እንግዲህ የውጭ አገር ሥራ አስኪያጅ ይህን ቍጥር አንብቦ ቢመጣ ምን ይማራል? ሠራተኛው ፊት ለፊት እንደማይቃወመው ይማራል፤ በምን መንገድ እንደሚቃወመው ግን አይማርም። በአማርኛ «እሺ» ማለት «ተስማማሁ» ሊሆን ይችላል፤ «ሰማሁ» ብቻም ሊሆን ይችላል። «እስቲ እናያለን» ብዙ ጊዜ እምቢታ ነው። ቅር ያለው ሰውም ራሱ ከመናገር ይልቅ ሽማግሌ ሊልክ ይችላል። ይህን የማያውቅ አለቃ ዝምታን እንደ ስምምነት ይቈጥራል፤ ሠራተኛው ግን አንድ ቀን ሳይናገር ሥራውን ትቶ ይሄዳል።

በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ምሳሌ ይሆነናል። የሕንድ፥ የስሪ ላንካና የቻይና ኩባንያዎች በገቡበት በዚያ ሥፍራ፥ ሲዳምኛ፥ ወላይትኛና አማርኛ የሚናገሩ ወጣቶች ጎን ለጎን ተቀጥረዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙዎች ሥራቸውን ለቀዋል። ለዚህ የደመወዝ ማነስ ትልቅ ምክንያት ቢሆንም፥ የቅሬታን አነጋገር የማይረዳ አለቃ ችግሩን የሚያውቀው ሠራተኛው ከሄደ በኋላ ነው። የአንድ አገር ቍጥር እንኳ በማይበቃበት ቦታ፥ የአራት አገር ድምር እንዴት ሊያስረዳ ይችላል?

ሆፍስቴድ ራሳቸው ነጥቡ የአገር እንጂ የግለሰብ መግለጫ አለመሆኑን አስጠንቅቀዋል፤ ጥፋቱ የሚበዛው ማስጠንቀቂያውን ትተው ሠንጠረዡን ብቻ በሚያስተምሩት ላይ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ በንግድ ትምህርት ክፍል ለጥያቄ መነሻ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ግን ተማሪው ፋብሪካ ድረስ ሄዶ፥ እምቢታ በየቋንቋው እንዴት እንደሚነገር ሰምቶ መመዝገብ ይገባዋል።