እውነቱ ግልጽ ከሆነ ሂሳቡስ?

በልጅነቴ በሰፈራችን ይኖሩ የነበሩ አንድ መምህር ቤት መጽሐፍ ልዋስ ስሄድ፣ ከመደርደሪያቸው ላይ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሔት ዓይኔን ይስበው ነበር። ወረቀቱ ያንጸባርቃል፤ ሥዕሎቹ ባለቀለም ናቸው። ስሙ «ዘ ፕሌይን ትሩዝ» ይባላል፤ «ግልጹ እውነት» እንደማለት ነው። ሽፋኑን አገላብጬ ዋጋውን ብፈልግ አጣሁት። «ጋሼ፣ ይሄ ስንት ይገዛል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አይሸጥም። አድራሻህን ጽፈህ ብትልክላቸው ከአሜሪካ በፖስታ ይልኩልሃል» አሉኝ። «ታዲያ ማን ይከፍላል?» ስላቸው ሳቅ ብለው፣ «እሱን እነሱ ያውቃሉ» አሉ።

ይህንኑ ጥያቄ ከእኔ በፊት የጠየቁ፣ ከፋዮቹም ራሳቸው የነበሩ ሰዎች እንዳሉ የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሰዎቹ መጽሔቱን ታሳትም ከነበረችው «የዓለም አቀፍ የእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን» የወጡ የቀድሞ አባላት ናቸው። ስለ እርሷ የተጻፈው ብዙ ነው። እኔ እዚህ የማነሳው አራቱን ብቻ ነው፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያኒቱ ገንዘብ ያዥና ጠበቃ የጻፈው፣ ሌላው የወጣ አገልጋይ የጻፈው፣ ሦስተኛው የቀድሞ ተማሪዎች ያሳትሙት የነበረው ትንሽ መጽሔት፣ አራተኛው ደግሞ የኋለኛው የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ የጻፈው ነው። አራቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ቤት ቢሆንም፣ እየብቻቸው ያነበባቸው ሰው ስለ አራት ቤቶች የሚያወሩ ይመስለዋል።

በቅድሚያ ስለ ቤቱ ጥቂት እንበል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መሥራቹ ሄርበርት አርምስትሮንግ በ1892 አዮዋ ውስጥ ተወለደ። እንጀራው የማስታወቂያ ሥራ ነበር፤ ንግዱ ሲከስርበት ፊቱን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ አዞረ። በ1934 ኦሪጎን ውስጥ በሬዲዮ መስበክ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት «ግልጹ እውነት» በእጅ ማባዣ ተባዝቶ ወጣ። በ1947 ካሊፎርኒያ ፓሳዴና ከተማ ላይ አምባሳደር ኮሌጅን በአራት ተማሪዎች ከፈተ። በ1980ዎቹ አጋማሽ መጽሔቱ ከስምንት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይታተም ነበር፤ ሁሉም በነጻ።

ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። ቅዳሜ ይከበራል፤ የአሳማ ሥጋ አይበላም፤ ገናና ፋሲካ የአረማውያን በዓላት ናቸው ተብለው ተጥለዋል። ሐኪም ቤት መሄድ እምነት እንደ ማጣት ይቆጠራል። ፈትቶ ያገባ ሰው፣ ልጆች ወልዶ እንኳ ቢሆን፣ ከትዳሩ ተለያይ ይባል ነበር፤ ይህ የተለወጠው በ1974 ነው። ለእኛ አገር አንባቢ ቅዳሜን ማክበርም ሆነ ከአሳማ ሥጋ መራቅ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሚሆንበት ሂሳቡ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አንድ አባል በወር 1,000 ዶላር ያገኛል እንበል። መቶው ለቤተ ክርስቲያኒቱ ማዕከል ይላካል፤ ይህ የመጀመሪያው አሥራት ነው። ሁለተኛው መቶ ስምንት ቀን ለሚከበረው የዳስ በዓልና ለሌሎቹ በዓላት ወጪ ይቀመጣል። በየሰባቱ ዓመት በሦስተኛውና በስድስተኛው ዓመት ደግሞ ለመበለቶችና ለድኾች ተብሎ ሦስተኛ መቶ ይወጣል። በሰባቱ በዓላት የሚሰበሰበው መባ ከዚህ ውጪ ነው። ስሌቱ የሚጀምረው የመንግሥት ግብር ከመቀነሱ በፊት ስለሆነ፣ በሦስተኛው አሥራት ዓመት በሰውየው እጅ የሚቀረው ምን ያህል እንደሆነ አንባቢ ራሱ ያስላው። ከፋዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመልከው በኪራይ አዳራሽ ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ፓሳዴና ነው፤ እዚያ በ1974 ስመ ጥር ሙዚቀኞች የሚጫወቱበት ያማረ አዳራሽ ተመረቀ፤ መሪውም በግል ጄት ዓለምን ይዞራል። አባሉ በንብረቱ ላይ ድምፅ የለውም። ሁሉም በአንድ ሰው እጅ ነው፤ ያም ሰው የእግዚአብሔር ሐዋርያ ነው ተብሏል።

በጥር 1979 ስድስት የወጡና የተቃወሙ አባላት ያቀረቡትን አቤቱታ ይዞ የካሊፎርኒያ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቤተ ክርስቲያኒቱን በፍርድ ቤት ባላደራ ሥር አስደረጋት። ክሱ አርምስትሮንግና የገንዘብ ኃላፊው ስታንሊ ራደር ሚሊዮኖችን ለግል ጥቅም አውለዋል የሚል ነበር። ሁለቱም አልተቀበሉትም። ምእመናን የዋናውን መሥሪያ ቤት ሕንፃ ሞልተው እየዘመሩና እየጸለዩ ባላደራውን ተከላከሉ። በ1980 የግዛቲቱ ምክር ቤት ዐቃቤ ሕጉ በሃይማኖት ድርጅቶች ላይ ያለውን ሥልጣን የሚገድብ ሕግ አወጣ፤ ክሱም ተዘጋ። ስለዚህ ገንዘቡ በአግባቡ ወጥቷል ወይስ አልወጣም ለሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤት መልስ አልሰጠም። መልሱን መፈለግ ለመጻሕፍቱ ተረፈ።

የመጀመሪያው ራደር ራሱ በ1980 ያሳተመው «በሲኦል ደጆች ላይ» የተሰኘው ነው። ጠበቃ የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል፤ ክርክሩ የተሳካ ነው። መንግሥት የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የሕዝብ አደራ ነው ብሎ ሣጥኑን ከከፈተ ነገ የትኛዋ ቤተ ክርስቲያን ነጻ ትሆናለች? ይላል። ይህን ጥያቄ ቀላል አድርጎ የሚያልፍ አንባቢ ካለ መንግሥት በቤተ እምነት ውስጥ እጁን ሲያስገባ አላየም ማለት ነው፤ እኛ ግን አይተናል። ሆኖም መጽሐፉ ማን መጠየቅ እንደማይችል ይነግረናል እንጂ፣ ቢጠየቅ መልሱ ምን እንደሆነ አይነግረንም። ራደር በሚያዝያ 1979 በታዋቂው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ማይክ ዋላስ ፊት ቀርቦ ጥያቄው ሲጠብቅ ቃለ ምልልሱን አቋርጦ ነበር። መጽሐፉን ሳነብ ያ ወንበር ትዝ ይለኛል።

ሁለተኛው የዴቪድ ሮቢንሰን «የሄርበርት አርምስትሮንግ የተወሳሰበ ድር» ነው፤ በዚያው በ1980 ወጣ። ሮቢንሰን በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ አገልጋይ የነበረ ሰው ነው። ከውስጥ ያየ ሰው ምስክርነት ጉልበት አለው፤ በዓይኑ ያየውን ሲናገር አንባቢ ያምነዋል። ችግሩ ቁጣው ነው። ስለ መሪው የግል ሕይወት የተነገሩትን ከባድ ክሶች ራሱ ካየው ጋር በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጣቸዋል። እንዲህ ሲሆን የሚጎዳው ጸሐፊው ነው፤ አንዱን ነገር የተጠራጠረ አንባቢ ሌላውንም አብሮ ይጥለዋልና።

የወጣ ሰው ምስክርነት እንዴት ይመዘን? ይህ ጥያቄ ምሁራንንም አከራክሯል። እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ብራያን ዊልሰን ሃይማኖቱን የተወ ሰው የትናንቱን ሕይወቱን በዛሬ ቁስሉ ስለሚያየው ቃሉ በቀላሉ አይታመንም ብሎ ነበር። ከፊል እውነት አለው። የተፋታ ሰው ስለ ሠርጉ ቀን ሲያወራ ሰምተን እናውቃለን። ነገር ግን ይህ ለስሜት ይሠራል እንጂ ለደረሰኝ አይሠራም። «አላምናቸውም ነበር» የሚለውን ትዝታ ጊዜ ሊያጣምመው ይችላል፤ «ይህን ያህል ላክሁ፤ በምን እንደዋለ ብጠይቅ ተባረርሁ» የሚለውን ግን ቀንና ቁጥር ይመሰክሩለታል።

ለዚህ ነው ከአራቱ ሁሉ ሦስተኛውን የማስበልጠው። «አምባሳደር ሪፖርት» ከ1976 እስከ 1999 ታትሟል፤ የጀመሩት የኮሌጁ የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ያዘጋጀው ጆን ትሬቻክ ነው። ያማረ ወረቀት የለውም፤ ባለቀለም ሥዕልም የለውም። ሥነ ጽሑፍ ልሁንም አይልም። ነገር ግን ሰነድ ያወጣል፤ ቀን ይጠቅሳል፤ የአንባብያንን ደብዳቤ ያትማል። ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ ጉዳይ ላይ መቆየት በራሱ ብዙ ይናገራል፤ ቂም ብቻ ይህን ያህል ዘመን አያስኬድም። አዘጋጆቹ አንባቢ እንዲናደድ ሳይሆን እንዲያመሳክር ይጋብዛሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው የአበው ቃል ለዚህች መናኛ ወረቀት ከዚያ ከሚያንጸባርቀው መጽሔት ይልቅ ይስማማታል።

አራተኛው መጽሐፍ «በእውነት የተለወጡ» ይባላል፤ በ1997 ጆሴፍ ታካች ልጁ አሳተመው። አርምስትሮንግ በ1986 በ93 ዓመቱ ሲሞት ሥልጣኑን የወሰደው አባቱ ታካች ነበር። አባትየው በ1994 የገና ዋዜማ አትላንታ ላይ በሰጠው ስብከት የኦሪት ሕግ ግዴታ አይደለም፤ አሥራቱም ግዴታ አይደለም አለ። ልጁ በ1996 በዚያው በ«ግልጹ እውነት» ላይ በትምህርቱ የተጎዱትን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። አንድ የሃይማኖት መሪ «ተሳስተናል» ብሎ ሲጽፍ ማንበብ ብርቅ ነው፤ መጽሐፉም ይህ ድፍረት አለው። ነገር ግን ዋናው ጉዳዩ ትምህርቱ ነው። እኔ የፈለግሁት ምዕራፍ አልተጻፈም። ትምህርቱ ስህተት ከነበረ፣ በዚያ ትምህርት ግዴታ የተሰበሰበው ሦስተኛ አሥራት ምን ይባላል? ስጦታ ነው ወይስ ዕዳ? ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ማሳተም ያቆመቻቸውን የአርምስትሮንግ መጻሕፍት የባለቤትነት መብት በ2003 በሦስት ሚሊዮን ዶላር ለተገነጠለ ቡድን መሸጧ ነው። ስህተት የተባለውም ዋጋ አወጣ። የፓሳዴናው ንብረት በ2004 ተሸጠ፤ በ2009 ስሟም ተለወጠ።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። «የወጡ ሰዎች» ስንል አንድ ድምፅ ያላቸው ይመስለናል። ከ1994 በኋላ ብዙዎች የወጡት ቤተ ክርስቲያኒቱ ጥብቅነቷን ስለተወች ነው፤ የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው ቅዳሜውንም አሥራቱንም ቀጠሉ። እንግዲህ መስጠት ያስቆጣቸው ሁሉም አይደሉም። ሰው በሚያምንበት ነገር ላይ ድኽነቱን እንኳ ይሰጣል፤ የሚያቆስለው የሰጠበትን እንዳይጠይቅ ሲከለከል ነው።

አርምስትሮንግ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ጄት እየተጓዘ ከነገሥታትና ከመሪዎች ጋር ይገናኝ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። የዳዊት ዙፋን ዛሬ ያለው እንግሊዝ አገር ነው ብሎ የሚያስተምር ሰው፣ ከሰሎሞን መወለዳቸው በ1955ቱ ሕገ መንግሥት ከተጻፈላቸው ንጉሠ ነገሥት ፊት ሲቆም ምን ተነጋግረው ይሆን? የጉዞውን ወጪ የሸፈኑት ግን በኪራይ አዳራሽ የሚያመልኩት ሰዎች ናቸው።

በእኛም ቋንቋ ከአንድ ማኅበር የወጡ ሰዎች የሚያወሩት ብዙ፣ የሚጽፉት ግን ጥቂት ነው። ወሬው በቡና ላይ ይቀራል። የሚጽፍ ከተገኘ ትሬቻክን ይመልከት እላለሁ፤ ቀኑን ይጻፍ፣ ቁጥሩን ይጻፍ፣ ያላየውን አላየሁም ይበል። ጋሼ «እሱን እነሱ ያውቃሉ» ያሉኝ ልክ አልነበረም። የከፈሉት አያውቁም ነበር፤ የሚያውቁት ደግሞ አልተናገሩም።