ያረጀን ማስመሰልና ያረጀን ማወቅ፤ ስለ ፈሳሽ መከለያ አጠቃቀም አጭር ትችት

የመድረክ ዕቃና አምሳያ በሚሠሩ ጓደኞቻችን ዘንድ አንድ ዘዴ በጣም ተወዷል። ይኸውም ቀለሙ ተልጦ ብረቱ የታየ፣ ብዙ ዘመን ያገለገለ የሚመስል የራስ ቁር ወይም ጥሩር ለመሥራት በፈሳሽ መከለያ መጠቀም ነው። በእንግሊዝኛ ማስኪንግ ፍሉይድ የሚባለውን ይህን ነገር ከዚህ በኋላ «መከለያ» ብቻ እያልን እንጠራዋለን። ዘዴው መልካም መሆኑን አንክድም፤ እኛም ሠርተንበታል። ነገር ግን ዘዴው የሠሪውን ሐሳብ መተካት ከጀመረ ነቀፋ ይገባዋልና፣ በእኛ አስተያየት ጉድለቱ የቱ ላይ እንደ ሆነ ለአንባቢያን ለማሳየት እንሞክራለን።

መከለያ በውሃ ውስጥ የተበተነ የተፈጥሮ ጎማ ሲሆን፣ በዕቃው ውስጥ እንዳይረጋ አሞኒያ ይጨመርበታል። መልኩ አገራችን ቁልቋል ሲቈረጥ የሚያፈሰውን ወተት ይመስላል። ዳሩ ግን የቁልቋል ወተት ዐይንን የሚጎዳ ስለ ሆነ አንዱን በሌላው ለመተካት ማሰብ አይገባም። በውሃ ቀለም የሚሠሩ ሠዓሊዎች ወረቀቱ ነጭ ሆኖ እንዲቀር በሚፈልጉት ቦታ ላይ ይቀቡታል፤ ሲደርቅ ስስ የጎማ ቆዳ ይሆናል፤ ቀለሙ ከላይ ከተቀባ በኋላ በጣት ታሽቶ ይነሣል። የመድረክ ዕቃ ሠሪዎች የወሰዱትም ይህንኑ ነው።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ዕቃው የብር መልክ ባለው ቀለም ይቀባል። ይህ ሲደርቅ ጠርቶ በሚታይ ቫርኒሽ ይታተማል። ቀጥሎም ብረቱ እንዲታይ በሚፈለግበት ቦታ መከለያ ይደረጋል፤ በላዩ መካከለኛው ቀለም፣ ለምሳሌ ግራጫው ወይም ብጫው፣ ይቀባል። ከዚያም ከፊተኛው ሰፋ አድርጎ ሁለተኛ መከለያ ይጨመርና የመጨረሻው ቀለም ይከተላል። ሁሉም ደርቆ ሲታሽ በመካከል ብረት፣ በዙሪያው የመካከለኛው ቀለም ቀለበት፣ ከዚያ ውጭ የላይኛው ቀለም ይታያል። እንግዲህ ልብ ብለን ብንመለከተው የሥራው ተራ የተገለበጠ ነው። በእውነተኛው ዕቃ ላይ ቀለሙ ቀድሞ ጉዳቱ ይከተላል፤ በዚህ ሥራ ግን ጉዳቱ ከቀለሙ ይቀድማል። ስለዚህ ሠሪው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት የዕቃውን ታሪክ ማወቅ ግዴታው ነው። የትችታችን መሠረትም ይኸው ነው።

ለምሳሌ ያህል በዚህ ዘዴ ደጋግሞ የሚቀዳውን አንድ ልብስ እንመልከት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. በወጣው «ዘ ኤምፓየር ስትራይክስ ባክ» በተባለው ፊልም ውስጥ ቦባ ፌት የሚባል፣ ሰው እያደነ ለገንዘብ የሚያስረክብ ጥሩር ለባሽ አለ። የልብሱን ንድፍ ያወጡት ራልፍ ማኳሪና ጆ ጆንስተን ሲሆኑ፣ በ1978 ዓ.ም. ለሙከራ የተሠራው የመጀመሪያው ልብስ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነበር። በኋላ ግን ደረቱ አረንጓዴ፣ ትከሻውና ጉልበቱ ወደ ብጫ የሚያደላ፣ ቀለሙ በየቦታው የተላጠ ሆነ፤ በራስ ቁሩም ላይ የተሰረጐደ ቦታ አለ። ሰውየው በፊልሙ ውስጥ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። ተመልካች ማንነቱን የሚያነበው ከልብሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ልብሱ ብዙ ጊዜ እንደ ተዋጋና እንዳልሞተ ይመሰክርለታልና። የተላጠው ቀለም ጌጥ ሳይሆን ንግግር ነው ማለታችን ስለዚህ ነው።

ይህን ያወቅነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከስሕተታችን ነው። ለአንድ ትርኢት የወታደር የራስ ቁር እንድንሠራ ታዝዘን፣ መከለያውን በስፖንጅ እየነከርን ከላይ እስከ ታች ረጨነው። ሲታሽ በጣም ደስ አለን። ነገር ግን አዳራሹን የሚጠብቁት አባባ፣ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ ሰው፣ ቁሩን በእጃቸው አገላብጠው ካዩ በኋላ ኩፍኝ ይዞት እንደ ሆነ ጠየቁን። ሳቅን፤ ግን አፈርን። ቀጥለውም የራስ ቁር መጀመሪያ የሚላጠው ሰው አውልቆ መሬት ላይ በሚያስቀምጥበት ጠርዙ እንደ ሆነ በጣታቸው አሳዩን። እኛ ያን ጠርዝ ከሁሉ ይልቅ ንጹሕ አድርገን ትተነው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጓደኞቻችንን ሥራ ስንመረምር ሁለት ጉድለቶች ተደጋግመው አገኘን። የመጀመሪያው ከፈሳሹ ጠባይ የሚመጣ ነው። ማንኛውም ፈሳሽ በልሙጥ ነገር ላይ ሲያርፍ መሰብሰብና መክበብ ይወዳል፤ ስለዚህ መከለያው የሚተወው ምልክት እንደ ጠብታ ክብ ይሆናል። የተላጠ ቀለም ግን ስብርባሪ እንጂ ጠብታ አይደለም፤ ጠርዙ የተቈረሰ፣ ማዕዘኑ የሾለ ነው። ፈሳሹን እንደ ፈቀደ የለቀቀ ሰው የፈሳሹን መልክ እንጂ የጉዳቱን መልክ አልሠራም። ስለዚህ በሾለ እንጨት እየጐተቱ ማዕዘን ማውጣት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉድለት ምልክቱን በሁሉ ቦታ እኩል መበተን ነው። የዚህን ስሕተትነት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ነጭ ልባጥ ያለውን አሮጌ የብረት ኩባያ አንሥተን እንይ። የተላጠው ከንፈሩ፣ የእጀታው ሥርና የመቀመጫው ዙሪያ ነው፤ ሆዱ ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው። ወድቆ ሆዱ ቢላጥ እንኳ ቦታው የተሰረጐደ ይሆናል እንጂ እንዲያው ያለ ምክንያት አይላጥም። እያንዳንዱ ጉዳት «ማን ነካኝ? በምን ነካኝ?» ለሚል ጥያቄ መልስ አለው። መልስ የሌለው ምልክት ውሸት ነው፤ ተመልካቹም ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ ውሸቱ ይሰማዋል።

በመጠንም ረገድ ማስተዋል ይገባል። በልብስ ላይ አንድ ሚሊሜትር ያው አንድ ሚሊሜትር ነው። በአንድ ሠላሳ አምስተኛ መጠን በተሠራ የታንክ አምሳያ ላይ ግን የአንድ ሚሊሜትር ጠብታ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚያህል ልጣጭ ይሆናል፤ በአንድ ሰባ ሁለተኛ የአውሮፕላን አምሳያ ላይ ደግሞ ከሰባት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ በትንንሽ አምሳያ ላይ መከለያውን ለትልልቅ ጉዳት ብቻ ይዞ፣ የቀረውን በመጨረሻ በቀጭን ብሩሽ መንካት ይሻላል። በመድረክ ላይ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። የደኅና ዐይን የማየት ወሰን በዐሥር ሜትር ርቀት ሦስት ሚሊሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ከዚያ ያነሰው የሠሪው ድካም ለተመልካቹ አይደርስም። ጉዳቱን በቍጥር አሳንሶ በስፋት ማጉላት ይጠቅማል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ማሰብ አያስፈልግም፤ የፊልሙን ልብስ ፎቶግራፍ ተመልክቶ እያንዳንዱን ምልክት በየቦታው መቅዳት ይበቃል ይላሉ። በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ እንደ ተመሠረተው 501ኛው ሌጌዎን ያሉ ማኅበሮችም የአባላቶቻቸውን ልብስ የሚመዝኑት በፊልም ከታየው ጋር በማመሳሰል ነው። ይህ ትጋት የሚናቅ አይደለም፤ ድጕስ የሚማር ሰውም የመምህሩን ሥራ በመቅዳት ይጀምራል። ሆኖም መቅዳት የትምህርት መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። የቀዳነው ምልክት ለምን በዚያ ቦታ እንዳለ ካልጠየቅን፣ ነገ ፎቶግራፍ የሌለው ዕቃ ስንታዘዝ ወደ ስፖንጁና ወደ ኩፍኙ እንመለሳለን።

ለሚሠሩ ሰዎች ጥቂት ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። መከለያው የነካው ብሩሽ ቶሎ ይበላሻልና አስቀድሞ በሳሙና ይነከር። አሞኒያው አንዳንድ የአክሪሊክ ቀለሞችን ስለሚያላላ፣ መዳብ ያለበትንም የወርቅ መልክ ቀለም ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ያልታተመ ቀለም ላይ አይደረግ። ለብዙ ቀን መተው ወይም ማሞቅ ጎማው እንዲጣበቅ ያደርገዋል። ጎማ ሰውነቱን የሚያሳክከው ሰውም ይጠንቀቅ።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። መከለያ ቀለምን ይከለክላል እንጂ ታሪክን አይፈጥርም። ዕቃው የማን እንደ ነበረ፣ የት እንደ ወደቀ፣ በየትኛው እጅ እንደ ተያዘ የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው፤ ካላወቀ ደግሞ ጠርሙሱ አይነግረውም። በዚህ የማይስማማ ጓደኛ ካለ መቃወሚያውን በሚቀጥለው ዕትም ቢያቀርብልን ደስ ይለናል፤ የተላጠ የራስ ቁር ይዞ ቢመጣ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለናል፤ ጠርዙን አይተን እንፈርዳለንና።