ጥግ ላይ የቆሙት አክስት

በሠርግ የቤተሰብ ፎቶ የዙም ሌንስን ሥራ ለመመዘን ሙሽሮቹን ማየት ብዙም አይጠቅምም። መሐሉ በተራ ሌንስም ጥርት ብሎ ይወጣል። መታየት ያለበት ጥግ ላይ የቆሙት አክስት ነጠላ ነው። ፎቶውን በኮምፒውተር መቶ በመቶ አጉሉና ጥለቱን ተመልከቱ። ክር ከክር ተለይቶ ይታያል ወይስ ቀዩና አረንጓዴው ተደባልቆ የቀለም ጭጋግ ሆኗል? በነጩ ሸማ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ መስመር አለ? ፎቶ አንሺው አፐርቸሩን አስቦበት መምረጡን የምለየው ከዚህ ነው።

ወደ ሴንሰሩ መሐል የሚሄደው ብርሃን ሌንሱን ቀጥ ብሎ ያልፋል። ወደ ጥግ የሚሄደው ግን በሰያፍ ስለሚገባ፣ በመስታወቶቹ ዳር ያለፈው አንድ ነጥብ ላይ ሳይገናኝ ይበታተናል። አፐርቸር ሲዘጋ ይህ የተበታተነ ብርሃን ይቆረጣል፤ የጥጉ ጨለማም ይቀንሳል። ዙም ለአንድ ሚሊሜትር ብቻ የተሠራ ስላልሆነ ችግሩ ይብስበታል፤ 24 ላይ ጥጉ ንጹሕ የሆነ ሌንስ 70 ላይ ሊዳከም ይችላል፣ ተቃራኒውም ያጋጥማል። ስለዚህ የአንድን ዙም ምርጥ አፐርቸር በአንድ ቁጥር የሚናገር ሰው ሌንሱን በደንብ አላየውም።

መነሻ ግን አለ። ሌንሱ በጣም ከሚከፈትበት ሁለት ስቶፕ መዝጋት ነው፤ ኤፍ 2.8 ለሆነው 5.6፣ ኤፍ 4 ለሆነው 8። ከካሜራ ጋር የሚመጣው 18-55 ሲዞም መክፈቻው ከ3.5 ወደ 5.6 ስለሚጠብ፣ 18 ላይ ከሁለት ስቶፕ በላይ የተዘጋው 8፣ 55 ላይ አንድ ስቶፕ ብቻ የተዘጋ ነው። እዚያ 11 መሞከር ያስፈልጋል። ሐምራዊው መስመር ከመሐል እየራቀ የሚብስ ዓይነት ከሆነ ግን የትኛውም አፐርቸር አያጠፋውም፤ ላይትሩምን በመሰለ ሶፍትዌር ይስተካከላል።

«ከጠበበ ይሻላል» ብሎ 16 እና 22 ላይ መሄድ ግን ጥጉን ለማዳን ሲባል መሐሉን ማበላሸት ነው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይሰፋል፤ አንዲት የብርሃን ነጥብ 8 ላይ ወደ 11 ማይክሮን፣ 16 ላይ ወደ 21 ማይክሮን ስፋት ይኖራታል። የ24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም ካሜራ ፒክስል ወደ 6 ማይክሮን ነው። ስለዚህ 16 ላይ የተነሣ ፎቶ ከጥግ እስከ ጥግ እኩል ነው፤ እኩል የለዘበ።

ብዙዎች ሌንሳቸውን ያለ ጥፋቱ የሚኮንኑት ግን በፎከስ የተነሣ ነው። ፎከስ የሚያርፍበት ገጽ ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው በአንዳንድ ዙሞች ዳር ዳሩ ወደ ካሜራው ወይም ወደ ኋላ ይታጠፋል። ፈተናው ቀላል ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጉ፤ ጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። አንዱን ፎቶ መሐሉ ላይ፣ ሌላውን ጥጉ ላይ ፎከስ አድርጋችሁ አንሡ። በሁለተኛው ጥጉ ከጠራ ሌንሱ ደካማ አይደለም፤ ገጹ ጎባጣ ነው። ለእንዲህ ያለው ከመሐልና ከጥግ እኩል ርቀት ላይ ያለ ሰው ፊት ላይ ፎከስ አድርጎ አንድ ስቶፕ ጨምሮ መዝጋት ብዙ ያድናል። ዳር ያሉትን ወደ ፊት አምጥቶ ቤተሰቡን በግማሽ ክብ ማቆምም የሚሠራው ገጹ ወደ ካሜራው ለታጠፈ ሌንስ ነው፤ ገጹ ጠፍጣፋ ከሆነ እነዚያን ሰዎች ከፎከስ ያወጣቸዋል።

ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው በዚያው ግድግዳ አራቱን ጥጎች ያወዳድር። አራቱም እኩል ቢለዝቡ የሌንሱ ባሕርይ ነው፣ መዝጋት ይረዳዋል። ካሜራው ቀጥ ብሎ ቆሞ አንዱ ጥግ ብቻ 8 ላይ እንኳ ካልጠራ መስታወቱ ከቦታው ተናግቷል። ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አልገዛውም።

ቤተሰቡን በሙሉ ለማስገባት 24 ላይ ማንሣትንም አልመክርም። ዳር ያሉት ሰዎች ፊት ይለጠጣል፤ ይህን አፐርቸር አያድነውም። ቦታ ካለ ወደ ኋላ ሄዶ 35 ወይም 50 ላይ ማንሣት ይሻላል። በቀን፣ ግቢ ውስጥ፣ 8ን ያለ ስስት ተጠቀሙ። ማታ አዳራሽ ውስጥ ግን ከ2.8 ወደ 5.6 መዝጋት ብቻ ብርሃኑን ሩብ ያደርገዋል፤ 800 የነበረው አይኤስኦ 3200 ይሆናል። ፍላሽ ከሌለ ወደ 8 ለመሄድ 6400 ይጠይቃል፤ በዚያን ጊዜ ጥለቱን የሚያጠፋው የምስሉ ሻካራነት ነው። እዚያ 5.6 ላይ እቆማለሁ።